ስሜን ባዶ ምድር አይደለም

ወደ ስሜን ተራሮች በመኪና ለመጓዝ የሚሰናዱ ሰዎች የሚጽፉትን የጉዞ ዕቅድ ባነበብሁ ቁጥር አንድ ሐረግ ያበሽቀኛል፤ «የሰው እጅ ያልነካው ምድር»። የማን እጅ ነው ያልነካው? ከጎንደር እስከ ደባርቅ ባለው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግራ ቀኙ እርሻ ነው። ከደባርቅ ወዲያ በሊማሊሞ ቁልቁል የሚጠማዘዘው መንገድም በጣልያን ወረራ ዘመን ገደል ተፈልጦ የተሠራ ነው።

ጭላዳ ዝንጀሮ የሚግጥበት የግጭ ሜዳ ደግሞ ገብስ የሚዘራ መንደር ነበረው። ነዋሪው እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲዛወር ተደረገ፤ በ2017 ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ተሰረዘ። ፓርኩ ይጠበቅ፣ ሣሩም ያገግም፤ ጠቤ ከዚህ ጋር አይደለም። ጠቤ ሰው የለቀቀውን ስፍራ ጥንቱንም ሰው ያልኖረበት አስመስሎ ከሚጽፍ ብዕር ጋር ነው። ለነዳጅ፣ ለድንኳን፣ ለስካውት አበል ስንቱ ረድፍ ይሞላል (የባንክ ሰው ነኝና ሒሳቡን አልነቅፍም)፤ ለግጭ ሰዎች ግን አንዲት መስመር አልተረፈም።

ዕቅድ አውጪ ሆይ፣ ጸጥታው ፈቅዶ የሄድህ ዕለት ደባርቅ ላይ ነዳጅ ቀድተህ ብቻ አትለፍ። የዚያ ሜዳ ገበሬዎች እዚያው ከተማ አሉ፤ የእያንዳንዱን ጉብታ ስም ጠይቃቸው።