የምድር ባቡር ምልክትና የፎቶግራፍ ወዳጆች

ምድር ባቡርን መውደድ የልጅ ጨዋታ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን ይህ ፍቅር በብዙ አገር የታወቀ፣ ሽማግሌውንና ወጣቱንም በአንድነት የሚያውል ነው። በእንግሊዝና በጃፓን አገር የምድር ባቡር ወዳጆች ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተጓዙ ሠረገላውንና ምልክቱን ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ ያነሡትንም ቀኑንና ስፍራውን ጽፈው ያኖራሉ። በእኛም አገር ይህ ፍቅር ያደረባቸው ሰዎች ስላሉ፣ ባለፈው ሰሞን ከሦስት ወዳጆቻችን ጋር ያደረግነውን ጉዞ ምክንያት አድርገን ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም አንድ ነገር ልንናገር ወደድን።

ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ተሳፍረን በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል ወደ አዳማ ወረድን። ከጓደኞቻችን አንዱ ዕድሜያቸው የገፋ፣ የምድር ባቡርን ነገር ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲከታተሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁለቱ ግን ወጣቶች ሲሆኑ፣ የፎቶግራፍ መሣሪያቸውን አንግተው ጥሩ ሥዕል ለማግኘት የሚቸኩሉ ነበሩ።

ይህ አገር ሁለት ምድር ባቡር ያየ አገር ነው። የፊተኛውን ለመሥራት ዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሥራው ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ የሁለቱ ሐዲድ ርቀት አንድ ሜትር ነበር። ናዝሬት ተብላ የኖረችው አዳማም የከተማነት ወግ ያገኘችው በዚሁ መንገድ ጣቢያ ዙሪያ ነው። ሁለተኛው ምድር ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ የሐዲዱም ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የአሮጌው ባቡር ሠረገላ በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም።

በአዳማ ጣቢያ በወረድን ጊዜ፣ ታላቁ ወዳጃችን አስቀድመው ወደ ጣቢያው ሹም ሄደው ፎቶግራፍ ለማንሣት ፈቃድ ጠየቁ። ወጣቶቹ ይህ ጊዜ ማባከን መስሏቸው ነበር። እርሳቸው ግን፣ «ልጆቼ፣ ሰው ቤት ገብቶ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ዕቃ የሚያነሣ ማን ነው?» አሏቸው። ሹሙም በደስታ ፈቅደው የሚቆምበትን ስፍራ አሳዩን።

ከዚያ ወዲያ መንገዱን በመኪና ተከትለን ወደ ወለንጪቲና ወደ መተሐራ ሄድን። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ድረስ ሐዲዱ ጥንድ ስለ ሆነ፣ ወጪውና ወራጁ ባቡር በየራሱ መንገድ ያልፋል። ከአዳማ ወዲያ ግን መንገዱ አንድ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣውና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ባቡር መተላለፍ የሚችሉት በጣቢያ ብቻ ነው፤ አንዱ ቀድሞ ደርሶ በጎን ሐዲድ ላይ ቆሞ ሌላው እስኪያልፍ ይጠብቃል። ሁለቱ ነጂዎች አይተያዩም፤ በመካከላቸው ያለው ቃል ምልክቱ ነው። ቀይ ሲበራ ቁም፣ አረንጓዴ ሲበራ እለፍ ይላል። ቢጫ ደግሞ፣ ከፊትህ ያለው ምልክት ሊያቆምህ ይችላልና ተዘጋጅተህ ሂድ ማለት ነው።

ከአንድ ትንሽ ጣቢያ ማዶ ካለ ጉብታ ላይ ሆነን ስንመለከት፣ አንድ የጭነት ባቡር በቀይ መብራት ፊት ቆሞ አየነው። ከወጣቶቹ አንዱ፣ «ጋሼ፣ ይህ ባቡር ቆሞአልና ወደ ሐዲዱ ወርጄ ከፊት ለፊቱ ላንሣው፤ እንዲህ ያለ ሥዕል ሌላ ጊዜ አይገኝም» አለ። ታላቁ ወዳጃችን መልሰው፣ «ነጂው በዚያ መብራት ታዝዞ የቆመው ሌላ የሚመጣ ስላለ ነው። አንተ ግን ለመብራቱ ሳትታዘዝ መብራቱን ፎቶግራፍ ልታነሣ ትወዳለህ» አሉት። ልጁም ዝም ብሎ ተቀመጠ። ብዙ ሳይቆይ ሌላው ባቡር ከመተሐራ በኩል መጥቶ በዋናው ሐዲድ ላይ አለፈ፤ ልጁም ከጉብታው ላይ ሆኖ ሁለቱን ባቡሮች በአንድ ሥዕል አነሣቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ቸኩሎ ወርዶ ቢሆን ይህን ሥዕል አያገኝም ነበር፤ የሚያጣውም ሥዕሉን ብቻ አይደለም።

መተሐራ ስንደርስ የበሰቃን ሐይቅና የፈንታሌን ተራራ ተመለከትን። የሐይቁ ውኃ ጨዋማ ሲሆን፣ ከ60 ዓመት ገደማ በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው እየሰፋ ሄዶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖአል። በዚህ አካባቢ የከረዩ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን ያሰማራሉ፤ በመስመሩ ላይ ከብትና ግመል በባቡር መመታቱም ተደጋግሞ የተሰማ ነገር ነው። ምልክቱን ማንበብ የሚያስፈልገው ለነጂው ብቻ እንዳይደለ ከዚህ ይታወቃል።

ጉዞአችንን የፈጸምነው ከኦሮሚያ ወሰን አልፈን፣ በአፋር ምድር ባለችው በአዋሽ ከተማ ነው። በዚህች ከተማ አጠገብ በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረ ባቡር ከድልድይ ላይ ወደ ገደል ወድቆ፣ ከ400 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በጊዜው እንደ ተነገረው፣ የአደጋው ምክንያት ባቡሩ በኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ መግባቱ ነው። በዚያ ቀን ስንት ቤት እንደ ተዘጋ፣ ስንት እናት ልጅዋን ጠብቃ እንደ ቀረች ለማሰብ እንኳ ይከብዳል። ወጣቶቹም ይህን በሰሙ ጊዜ መሣሪያቸውን አውርደው ጥቂት ጊዜ ቆሙ። ከዚያ በኋላ፣ ከጉዞው መጀመሪያ ይልቅ የምልክቱን ሥዕል አብዝተው ማንሣት ጀመሩ፤ ማንም አላዘዛቸውም።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ባቡር ማየት ቢወዱ አትከልክሏቸው፤ ይልቁንም አብራችሁ ሂዱ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ይህን አስተምሯቸው። ሐዲድ መቆሚያም መጫወቻም አይደለም። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ባቡር ነጂው ሰው አይቶ ፍሬን ቢይዝ እንኳ ብዙ መቶ ሜትር ሳይሄድ አይቆምም። ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ የ25,000 ቮልት ኀይል ስላለው፣ ሳይነኩት እንኳ በመቅረብ ብቻ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ በአጠገቡ ረጅም ብትር ማንሣትም ሆነ በሠረገላ ላይ መውጣት ፈጽሞ የማይገባ ነው። ድልድይና ጣቢያ ለማንሣት ፈቃድ ይጠየቃል፤ ሰውን ለማንሣትም እንዲሁ።

ደግሞም በአዳማ፣ በአዋሽና በድሬዳዋ በአሮጌው ምድር ባቡር ሲሠሩ የኖሩ ሰዎችና ልጆቻቸው ዛሬም አሉ። ከነዚህ በአንዱ ቤት የአባት ወይም የአያት ፎቶግራፍ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ቢገኝ፣ ከጀርባው ስሙን፣ ጣቢያውንና ዓመቱን መጻፍ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ስም የሌለው ሥዕል ከአንድ ትውልድ በኋላ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም።

ምልክትን የሚሠራው አንድ ሰው ለማያየው ለሌላ ሰው አስቦ ነው። ልጁን ይህን ያስተማረ ወላጅ የምድር ባቡርን ነገር ብቻ ሳይሆን፣ ከሰው ጋር የመኖርን ሥርዓት አስተምሮታል ለማለት እንደፍራለን።