ኳስ የያዘ ሁሉ ባለመብት አይደለም



ስለ ቅርጫት ኳስ ዳኝነት ያለኝን አሳብ ለአንባቢያን እንዳቀርብ ከዐምድዎ ጥቂት ስፍራ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩ የጨዋታ ቢመስልም የፍርድ ጉዳይ ስለ ሆነ፥ በየመሥሪያ ቤቱ ለምንገኝ ሠራተኞችም የሚነግረን ነገር አለው።

ጎረቤታችን የደቡብ ሱዳን ቡድን በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሎምፒክ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 ሲረታ፥ ይህ ጨዋታ የሩቅ አገር ሰዎች ብቻ አለመሆኑን ወጣቶቻችን አይተዋል። ይሁን እንጂ ጨዋታው ሲስፋፋ ሕጉ አብሮት ካልተስፋፋ፥ ትርፉ ጠብና ስብራት ነው።

በተመልካቹም በአንዳንድ ዳኞችም ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ። ይኸውም ኳስ ይዞ ወደ ቅርጫቱ ለሚገሠግሠው ተጫዋች መንገዱ የሱ ነው፤ ከፊቱ ቆሞ የተገኘ ሁሉ ጥፋተኛ ነው የሚል ነው። የጨዋታው ሕግ ግን እንዲህ አይልም። ዶክተር ጄምስ ኔይስሚዝ በ1891 እ.ኤ.አ. ጨዋታውን ሲፈጥር፥ ኳስ ይዞ መሮጥን የከለከለውና ቅርጫቱን ከፍ አድርጎ የሰቀለው ሰው ከሰው ጋር እንዳይተላለቅ ብሎ ነው። በጻፋቸው 13 ደንቦች ውስጥም በትከሻ መምታትን፥ መያዝን፥ መግፋትንና መጥለፍን በግልጽ ከልክሏል። ክልከላውም ኳስ የያዘውንና ያልያዘውን አልለየም።

ዛሬ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደንብም ይህንኑ ያጸናል። ተከላካዩ ፊቱን ወደ አጥቂው አዙሮ፥ ሁለት እግሮቹን መሬት ላይ ካሳረፈ ስፍራውን በሕግ ይዟል። ከዚያ በኋላ ስፍራውን ለመጠበቅ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ቢል፥ በቆመበትም ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቢዘል መብቱ ነው። አጥቂው መጥቶ ደረቱን ቢገጨው ጥፋቱ የአጥቂው ነው። ኳስ የያዘ ሰው በማናቸውም ጊዜ ተከላካይ ከፊቱ ሊቆም እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ስላለበት፥ «ጊዜ አልሰጠኝም» የሚለው ምክንያት አይጠቅመውም። በክንዱ ገፍቶ መንገድ የሚከፍትም፥ ጓደኛውን ለማሳለፍ እየተንቀሳቀሰ ሰው የሚጋርድም እንደዚሁ ጥፋተኞች ናቸው።

ተከላካዩም ቢሆን ወሰን አለው። አጥቂው አየር ላይ ከወጣ በኋላ ከሥሩ የገባ፥ ወይም ከጎን መጥቶ በጉልበቱና በዳሌው የዘጋ፥ ጥፋቱ የራሱ ነው። በቅርጫቱም ሥር ከመካከሉ እስከ ጠርዙ 1.25 ሜትር የሆነ ግማሽ ክብ አለ፤ ዘሎ ኳስ የሚወረውረውን አጥቂ እግሩ ይህን ክብ ነክቶ የቆመ ተከላካይ «ገጨኝ» ብሎ ሊከሰው አይችልም።

በአንድ ወቅት የሁለት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች ሲጋጠሙ አይቻለሁ። አንድ ግዙፍ የክፍል ኃላፊ ኳሱን እያነጠሩ ሲመጡ፥ አንድ ቀጭን ጸሐፊ ሁለት እግሩን ተክሎ ቆመ። ኃላፊው በትከሻቸው ገቡበትና ልጁ በጀርባው ወደቀ። ፊሽካው ተነፋ፤ ጥፋቱ በወደቀው ላይ ተጻፈ፤ ግቡም ተቆጠረ። ከዚያ በኋላ ኃላፊው ኳስ ይዘው በመጡ ቁጥር ተከላካዮቹ ሁሉ ግራና ቀኝ እየተከፈሉ በአክብሮት አሳለፏቸው። ያ ከዚያ ወዲያ ጨዋታ አልነበረም።

የዚህ ዐይነቱ ስሕተት ዋጋው ቀላል አይደለም። አጥቂው ኳሱ ከእጁ ሳይወጣ ገጭቶ ከሆነ፥ ትክክለኛው ፍርድ ጥፋቱን በሱ ላይ መዝግቦ፥ ግቡን ሳይቆጥር፥ ኳሱን ለተከላካዩ ቡድን መስጠት ነው። ፍርዱ ሲገለበጥ ግን 2 ነጥብ ይቆጠራል፤ በላዩም 1 ነፃ ውርወራ ይጨመራል፤ 5 ሲሞላ ከሜዳ ከሚያስወጣው ጥፋትም አንዱ በንጹሑ ላይ ይጻፋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሕግ አክብሮ መቆም ሞኝነት፥ ጥሶ መግባት ጀግንነት መሆኑን ወጣቱ መማሩ ነው።

አንዳንዶች «አጥቂው በየጊዜው ከተቀጣ ጨዋታው ይቀዘቅዛል፤ ተከላካዩም ሳይነካ እየወደቀ ያታልላል» ይላሉ። ማታለል መኖሩ እውነት ነው፤ ለዚያም ደንቡ ማስጠንቀቂያና ቅጣት አዘጋጅቶለታል። ነገር ግን አስመሳይ አለ ተብሎ እውነተኛው ተበዳይ ፍርድ አይነፈግም። በዚህ በቆላው አገር ሰሊጥ ዘርተን በምናድርበት ምድር፥ የመሬት ክርክር ሲነሣ ሽማግሌ የሚጠይቀው «ማን ጉልበት አለው?» ብሎ ሳይሆን «ማን ቀድሞ በአግባቡ ያዘው?» ብሎ ነው። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ዳኛውም ዐይኑን ከኳሱ አንሥቶ አስቀድሞ የተከላካዩን እግርና ደረት ቢመለከት፥ ግጭቱ ከመድረሱ በፊት የፍርዱን ግማሽ አግኝቷል።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ። አንደኛ፥ የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ይህን የደንቡን ክፍል በቀላል አማርኛ አዘጋጅተው፥ በሜዳ ላይ በተግባር እያሳዩ ለዳኞችና ለስፖርት አስተማሪዎች ያስተምሩ። ሁለተኛ፥ ሜዳ ሲሰመር ግማሽ ክቡ አይዘንጋ፤ የአፈር ሜዳ ቢሆንም ጥቂት ኖራ ይበቃዋል። ሦስተኛ፥ በመሥሪያ ቤቶች ግጥሚያ ዳኛው ከተጫዋቾቹ የአንዳቸውም የበታች ሠራተኛ አይሁን፤ ነገ ፈቃድ የሚጠይቀውን ሰው ዛሬ በፊሽካ የሚቀጣ ብዙ አይገኝምና።

ማዕርግና ጉልበት ከሜዳው መስመር ውጪ ይቆዩ። በመስመሩ ውስጥ አስቀድሞ በሕግ የቆመ ሰው፥ ቀጭንም ቢሆን ጸሐፊም ቢሆን፥ ስፍራው የሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ ተመልካች
ከአብርሃ ጅራ