ባለቤት የሌለው ዱር የለም

ኬንያ በእንግሊዝ እጅ በነበረችበት ዘመን ስማቸው ከገነነ ነጭ ሰፋሪዎች አንዱ ኤዋርት ግሮጋን ነው። በ1874 ተወለደ፤ በ1967 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሞተ። (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ስለዚህ ሰው ሲወራ ከሁሉ በፊት የሚነሣው ጉዞው ነው። የወደዳትን ልጅ ለማግባት ብቁ መሆኑን ለእንጀራ አባቷ ለማስመስከር ከአፍሪካ ደቡብ ተነሥቶ፣ አህጉሩን አቋርጦ፣ በ1900 ካይሮ ገባ። ይህ ድፍረት ነው፤ የሚክደው የለም። የሚያከራክረን ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ነው።

ግሮጋን በ1904 በኋላ ኬንያ ወደተባለው ግዛት መጥቶ ሰፈረ፤ በኤልዳማ ራቪን አካባቢ ካለው ከሌምቡስ ደን እንጨት የመቁረጥ ኮንሴሲዮንም ከመንግሥት አገኘ። ዛፎቹ ለእኛ እንግዳ አይደሉም፤ ዝግባና ጥድ ናቸው። ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ደርሶ ነበርና ሳንቃው የሚወጣበት መንገድ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ ባቡሩም ራሱ የሚነዳው በእንጨት ነበር። የእንጨት መሰንጠቂያ ለሚተክል ሰው ከዚህ የተሻለ ገበያ ከወዴት ይመጣል?

ነገር ግን ደኑ ሰው ነበረበት። የቱገን ሕዝብ ከብቱን ያሰማራበታል፤ ቀፎውን ይሰቅልበታል። በኮንሴሲዮኑ ወረቀት ላይ የእነርሱ ፊርማ የለም። የደኑ ነዋሪዎች ምን መብት እንዳላቸው አገረ ገዢው ኮሪንደን በጽሑፍ የወሰነው በ1923 ነው፤ ይኸውም ግሮጋን ከመጣ ከ19 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አባቶች «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

«ሰውዬው የዘመኑ ልጅ ነበር፤ በእኛ ዘመን ሚዛን አይመዘን» የሚሉ ይኖራሉ። እንግዲያውስ በገዛ ዘመኑ ሚዛን እንመዝነው። በ1907 ግሮጋን ሪክሾ የሚጎትቱ ሦስት የኪኩዩ ሰዎችን፣ ነጭ ሴቶችን አስቀይመዋል በሚል፣ በናይሮቢ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት በአደባባይ ገረፈ። ለዚህም የራሱ ወገን ዳኛ የአንድ ወር እስራት ፈረደበት። ስለዚህ ዘመኑም ቢሆን ጥፋቱን አውቆታል ማለት ነው።

ከፍርዱ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ተከታዩ ነው። በዚያው በ1907 የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ሥራ ጀመረ። ገራፊው ውሎ አድሮ በዚያ ምክር ቤት ወንበር ያዘ። ከተገረፉት ወገን ግን ኢሊውድ ማቱ በ1944 ተሹሞ እስኪገባ ድረስ፣ ለ37 ዓመታት አንድም አፍሪካዊ አልተቀመጠበትም። ደኑን የያዘው ሰው ሕግ ሲያወጣ፣ ደኑን ያጣው ሰው ሕጉን ከደጅ ቆሞ ይሰማ ነበር።

በ1947 ግሮጋን ለሟች ሚስቱ ለገርትሩድ መታሰቢያ በናይሮቢ የሕፃናት ሆስፒታል የሚሠራበትን መሬት ሰጠ። ሆስፒታሉ ዛሬም ሕፃናት ያክማል፤ ይህም በጎ ሥራ ነው፤ ይጻፍለት። ዳሩ ግን ስጦታ ዕዳን አይሰርዝም። የታሪክ መምህሮቻችን የእንዲህ ያለውን ሰው ሕይወት ሲያስተምሩን ጉዞውንና ሆስፒታሉን በአንድ ገጽ፣ ደኑንና ጅራፉን በሌላ ገጽ ባይለያዩብን እንወዳለን። ሰውዬው አንድ ነውና ታሪኩም አንድ ይሁን።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን የምጽፈው ሙት ለመውቀስ አይደለም። ነገ ካርታ የሚያነሣው፣ ውል የሚያረቀው፣ ስለ ደን ጥናት የሚያቀርበው ከዚህ ቅጥር ግቢ የሚወጣው ተማሪ ነው። በመዝገብ ያልተጻፈ መሬት ሁሉ ባዶ ነው ብሎ ለመጻፍ ነጭ ሰፋሪ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ብዕርና አንድ የቸኮለ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። እንግዲህ «ባዶ» የምትለውን ቃል ከመጻፋችን በፊት ወደ ስፍራው ወርደን እንጠይቅ፦ እዚህ ከብት የሚያሰማራው ማን ነው? ዛፉስ ላይ የተሰቀለው ቀፎ የማን ነው?