የቦንዴ ገንዘብ በጋዝ አይቃጠል!

ባለፈው ሰሞን አመሻሹ ላይ ሰፈራችን እንደ ልማዱ ጨለመ። የማዕዘኑ ባለሆቴል ጀኔሬተሩን አስነስቶ መንደሩን ያደነቁረዋል። እንጀራ እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ጎረቤቴ እትዬ ግን ጀኔሬተር የላቸውም። ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ቀዝቅዞ፣ እጃቸውን አጣጥፈው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ ግድቡ አለቀ አልተባለም እንዴ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ አይደል?

መልስ ያላጣው ኢንጂነሩ ወዳጄ ነው። በማግስቱ ቡና ላይ ተገናኝተን ብነግረው፣ «መፍትሔው ጋዝ ነው!» አለኝ፣ ስኒውን እንኳ ሳያስቀምጥ። «ዝናብ ሲጠፋ ውሃው ይጎድላል። ነፋሱ እንደ ፈቀደው ነው፤ ፀሐይም ማታ ትጠልቃለች። ጋዝ ግን በፈለግህ ሰዓት ታነደዋለህ። ኦጋዴን ላይ ተኝቶልሃል። መንግሥት ገንዘቡን ያፍስና ማመንጫ ይትከልበት!»

ወዳጄ የሚለው ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። በ1995 እና በ2001 ዓ.ም. ዝናብ አጥሮ ግድቦቻችን ሲጎድሉ በፈረቃ መብራት የከረምን ሰዎች ነን። ከመብራታችን ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው። ሁሉን እንቁላል በአንድ ቅርጫት መያዝ ደግሞ አያዋጣም። እስከዚህ ተስማማን። የተለያየነው «መንግሥት ገንዘቡን ያፍስ» ካለው በኋላ ነው።

ለመሆኑ የመንግሥት ገንዘብ የማን ነው? የህዳሴው ግድብ መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል እኔም እንደ ብዙው ደመወዝተኛ የአንድ ወር ደመወዜን በዓመት ከፍዬ ቦንድ ገዝቻለሁ። እትዬም ከእንጀራ ትርፋቸው ገዝተዋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ሲመረቅ ሁለታችንም አልቅሰናል። እንግዲህ «ካዝናው» የሚሉት ይኸው ነው፤ የሊጥና የደመወዝ ጥርቅም። ይኼን ገንዘብ እሳት ውስጥ ለመጨመር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሦስት ጥያቄ ይመልስልኝ።

አንደኛ፦ ያ ሌሊት ለምን ጨለመ? ጠይቄ ደረስኩበት። የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ነው! ኃይል ጠፍቶ አይደለም። ኃይሉ ከጉባ ተነሥቶ፣ ተራራውን ተሻግሮ፣ እኛ ደጃፍ ሲደርስ ያረጀ ሽቦና የደከመ ትራንስፎርመር ነው የቀበረው። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ደግሞ ጭራሽ ሽቦው ደጁ አልደረሰም። ከእንጦጦ ጫፍ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተሸክመው፣ ጎብጠው የሚወርዱትን እናቶች አስቡ። እነሱ የቸገራቸው የተርባይን ዓይነት ነውን? ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ ነው የጎደላቸው። ለእነዚህ የሚሆነውን ብር ለጋዝ ማመንጫ ማዋል፣ ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለው ነው።

ሁለተኛ፦ ውሃ የሚጎድለው መቼ ነው? በበጋ። ነፋሱስ በአገራችን የሚበረታው መቼ ነው? እሱም በበጋ! ፀሐዩም እንደዚያው። ተፈጥሮ ራሷ ፈረቃ አውጥታልናለች። በአዳማና በአሸጎዳ ተራሮች የተተከሉት የነፋስ ማመንጫዎች ይኼን በዓይናችን አሳይተውናል፤ አሸጎዳ ብቻ በ2006 ዓ.ም. ሲመረቅ 120 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። ነፋሱ ሲነፍስ የግድቡን ውሃ ትቆጥባለህ፤ ነፋሱ ሲተኛ የቆጠብከውን ትለቃለህ። ሌላው አገር በውድ ባትሪ የሚሠራውን እኛ በግድብ እንሠራዋለን። ሌትም ቀንም የማይቋረጠው የከርሰ ምድር እንፋሎት ደግሞ በስምጥ ሸለቆው ሥር እየፈላ ነው። አሉቶ ላንጋኖ ላይ ከጀመርነው ሃያ አምስት ዓመት አልፎናል፤ ግን ጀማሪ እንጂ ጨራሽ አልሆንም። የመንግሥት ገንዘብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጉድጓዱ ሲቆፈር እንፋሎት ላይገኝ ይችላልና የግል ባለሀብት ይፈራል፤ የመጀመሪያውን ፍርሃት ሊሸከም የሚችለው መንግሥት ነው።

ሦስተኛ፦ ጋዙ በነፃ ይመጣል ያለው ማነው? ከመሬታችን ይውጣ እንጂ ቆፍሮ የሚያወጣው ኩባንያ ዋጋውን ይጠይቃል፤ ማመንጫው በሠራ ቁጥርም ሒሳብ ይቆጠራል። ነፋስ ግን ደረሰኝ አይልክም። ያልተጠቀሙበትን የመክፈል ጣጣም አለ። የጋናን ነገር እንመልከት። መብራት ጠፋ ብላ ተጨንቃ ከጋዝና ከነዳጅ ማመንጫ ባለቤቶች ጋር «ብጠቀምም ባልጠቀምም እከፍላለሁ» የሚል ውል ፈረመች። በ2011 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስትሯ ፓርላማ ቀርበው፣ አገሪቱ የተከለችው 5,083 ሜጋ ዋት፣ ከፍተኛው ፍላጎቷ ግን 2,700 ሜጋ ዋት ያህል መሆኑንና ላልተጠቀመችበት ኃይል በዓመት ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደምትከፍል ተናገሩ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

«ጋዝ እኮ ከድንጋይ ከሰል ይሻላል» አለኝ ወዳጄ በመጨረሻ። እውነት ነው፤ ሲቃጠል የሚያወጣው የካርቦን ጭስ የከሰሉን ግማሽ ያህል ነው። በከሰል ለሚኖር አገር መልካም ምክር ይሆን ነበር። እኛ ግን በጋዝ የምንተካው ምኑን ነው? ውሃውን? ነፋሱን? ንጹሕ ልብስ የለበሰ ሰው «ይኼኛው እድፍ ከዚያኛው ይቀላል» ተብሎ ይመከራልን?

እንግዲህ ጋዙ ተቀብሮ ይቅር ማለቴ አይደለም። በ1960ዎቹ በካሉብ ተገኝቶ እስከ መስከረም 2018 ዓ.ም. ምረቃ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ተቀብሮ ኖሯል፤ ይበቃዋል። ማዳበሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ገበሬያችን የሚዘራበት ማዳበሪያ ደግሞ በዶላር ተገዝቶ፣ በመርከብ ተጭኖ ነው የሚደርሰው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ለጎዴ የማዳበሪያ ፋብሪካ የተፈረመው የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ውል ከልብ ከተሠራበት፣ ለጋዙ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅለትም። ከዚያ የተረፈውን ላቃጥለውና መብራት ልሽጥ የሚል ባለሀብት ካለም ይምጣ። በገዛ ገንዘቡ፣ በገዛ ኪሳራው! የመንግሥት ዋስትና፣ የመንግሥት ድጎማ፣ «ባትጠቀሙም ትከፍላላችሁ» የሚል ውል ግን አይኑርበት።

ወዳጄ ስኒውን አስቀምጦ ዝም አለ። ያመነ አይመስለኝም። እኔ ግን ሰፈሬ ስገባ እትዬን ከደጃፋቸው አጣኋቸው። ትራንስፎርመሩ ተተክቶ ኖሮ ምጣዳቸው ላይ ናቸው። ሞቅ ያለ እንጀራ አጥፈው ሰጡኝና «የቦንዳችን መብራት መጣ» አሉኝ እየሳቁ። ለካስ መልሱን ከእኔም ከኢንጂነሩም በፊት የሚያውቁት እሳቸው ኖረዋል። የጎደለው ሽቦው ነበር።

ካዝናውን ለያዙት ልቦና ይስጥልን!