‹‹ሮምን ያየ ሰው ደብረ ታቦር ላይ ምን ያያል?››

የዛሬዋ ጠያቂያችን የላከችልኝ ደብዳቤ ስድስት ገጽ ነው። እንዳለ ላትመው ብል ለሌላው ቦታ አይተርፍምና ፍሬ ነገሩን ብቻ ላካፍላችሁ።

እህታችን ተወልዳ ያደገችው ደብረ ታቦር ነው። አዲስ አበባ አግብታ፣ ሁለት ልጆች ወልዳ ትኖራለች። በ2011 ዓ.ም. የባለቤቷ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር አውቶቡስ ተከራይተው ሲነሡ፣ እሷም አብራ ነበረችና አስተባባሪውን ለምና ደብረ ታቦርን ፕሮግራም ውስጥ አስገባች። ለእናቷም ደውላ ‹‹አርባ አምስት ሰው ይዤ እመጣለሁ›› አለች። እናትየዋ ምን አደረጉ? ጠላ ጠመቁ፣ በግ አሳረዱ፣ ከጎረቤት ብርጭቆና አግዳሚ ወንበር ተዋሱ።

ይሁንና ባሕር ዳር ላይ የጣና ጀልባ አቆያቸውና ደብረ ታቦር የገቡት ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥተው የራስ አሊ ግቢ ነበር የተባለውን ፍርስራሽ አርባ ደቂቃ ዞሩ። ከዚያ ‹‹ጎንደር የያዝነው አልጋ ለሌላ ይሰጥብናል፣ ቶሎ ግቡ!›› ተባለ። ጋፋት ተሰረዘ። አውቶቡሱ ከተማውን ሊወጣ ሲል፣ እናቷ ቤት አጠገብ ሹፌሩ ፍጥነት ቀነስ አደረገ። ባልየው ሆዬ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹‹ኧረ ንዳው ባክህ! ሮምን ያየ ሰው እዚህ ምን ያያል? የድንጋይ ክምር! አሁን ደግሞ ጠላ ይዞን ሊቀር ነው?›› አለ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እሷ በመስኮት ያየችው ነጭ ነጠላ ነው። እናቷ መንገድ ዳር ቆመው ነበር…

ማታ ስትደውል እናትየዋ ያሏት ‹‹መንገደኛ አይደላችሁ ልጄ፣ ምንም አይደል›› ብቻ ነው። ጠላውን ጎረቤት ጠጣው።

ይህ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል። አሁን ታዲያ ምን ተፈጠረ? ባለቤቷ ሁለቱም በቡድን ጉብኝት ሮም እንዲሄዱ ቀብድ ከፍሎ መጣ። ከዚህ ቀደም በመሥሪያ ቤቱ ሥልጠና ሄዶ ሁለት ቀን በቡድን ጎብኝቷታልና ‹‹ሚስቴም ትይልኝ›› ነው ነገሩ። እሷ ግን ‹‹አልሄድም›› አለች። ምክንያቱ ስላልገባው ‹‹እዚህ የሚያስቀርሽ ሰው አለ እንዴ?›› እስከማለት ደርሷል። ‹‹እኔ ሮም የሚለውን ስም ስሰማ የሚታየኝ ያ ነጠላ ነው። አጥፍቻለሁ ወይ?›› ትለኛለች።

እህቴ፣ አላጠፋሽም። ግን መጀመሪያ የድንጋዩን ነገር እናንሣው፤ እኔም የምለው አለኝ።

ባለቤትሽ ሮም ላይ ያየው ምንድን ነው? የጥንቷ ሮም ዋና አደባባይ፣ ፎሮ ሮማኖ የሚሉት፣ ዛሬም ቢሆን የተሰበረ ዓምድና የፈረሰ ግንብ ነው። ይባስ ብሎ ለብዙ መቶ ዓመታት አፈር ለብሶ ከብት ይግጥበት ስለነበር ‹‹የላሞች ሜዳ›› ይባል ነበር። ነገር ግን እዚያ አስጎብኚዋ ባንዲራዋን ይዛ ከፊት እየሄደች ‹‹እዚህ ጋ እንዲህ ሆነ፣ እዚያ ጋ እገሌ ወደቀ›› ትላለች። ሰው ሁሉ ጆሮው ላይ የሰካውን ማዳመጫ እየሰማ ድንጋዩን አፍጥጦ ያያል። ደብረ ታቦር ላይስ? አንቺው እንደጻፍሽው አስተባባሪው ‹‹ፎቶ ተነሡና ውጡ›› ነው ያለው።

ቢነገራቸው ኖሮ ስንት ነገር ነበር! ከተማውን የቆረቆሩት ራስ ጉግሣ ናቸው፤ የየጁዎቹ መናገሻ የሆነው በዚያ ነው። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ራስ አሊን እዚያው ደብረ ታቦር ላይ ገጥመው አሸነፉ፤ አሊም ሸሹ። ውቤ ድላቸውን ሲያከብሩ ግን የአሊ ዘመድ ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው አሸናፊውን ማርከው ቁጭ! (‹‹ጠላ ይዞን ሊቀር ነው›› ያለው ባልሽ ይህን ቢሰማ ኖሮ ጥሩ መቀለጃ ያገኝ ነበር።)

የተሰረዘው ጋፋት ደግሞ ከሁሉም ይቆጨኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን ያሰፈሩበት ቦታ ነው። አብዛኞቹ ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ ካለ የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡ ባለ እጆች ነበሩ። ወንጌል ልናስተምር ብለው መጥተው መድፍ አቅልጡ ተባሉ! ሴባስቶፖል የተሠራው እዚያ ነው፤ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ያ መድፍ አብሯቸው ተጓዘ። ገደሉ እየተናደ፣ መንገዱ እየተጠረገ፣ ሰው በገመድ እየጎተተ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ባለቤትሽ ቸርችል ጎዳና ላይ ሲያልፍ የሚያየው የዚያ መድፍ አምሳያ ነው። ‹‹የታለ ቤተ መንግሥቱ?›› ብሎ ከጠየቀሽ ‹‹ንጉሡ ራሳቸው አቃጠሉት›› በይው።

ከተማው በዚያ አልቀረም። ዐፄ ዮሐንስም ተቀምጠውበታል። በጥቅምት 1872 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጎርደን የግብፁን ከዲቭ ወክሎ ንጉሠ ነገሥቱን ሊያነጋግር የመጣው እዚያው ደብረ ታቦር ድረስ ነው።

ደግሞ ሮምን አይቻለሁ ማለቱስ? ተርሚኒ ከሚባለው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አንድ ሰፊ አደባባይ አለ። የቡድን ጎብኚ ሳይረግጠው አይቀርም። ስሙ ‹‹የአምስት መቶዎቹ አደባባይ›› ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ጠይቂው። አያውቅም ብዬ እወራረዳለሁ! በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው፤ ሐውልታቸውም እዚያው አቅራቢያ ቆሟል። የአክሱም ሐውልታችንም ቢሆን በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ በጣሊያኖች እጅ ነበር፤ እስከ 1996 ዓ.ም. የሮም ጎብኚ ፎቶ ይነሣበት ነበር።

በነገራችን ላይ የቡድን ጉዞ ለምታዘጋጁ ሁሉ፦ በአንድ ቀን ጣናንም ደብረ ታቦርንም ጎንደርንም አትጠቅጥቁ። የተደገሰበት ቤት ካለ ደግሞ መጀመሪያ እዚያ ግቡ። ድንጋዩ አይሸሽም፤ ወጡ ግን ይቀዘቅዛል።

ወደ አንቺ ልመለስ እህቴ። ድንጋዩን እኔም አንቺም ልናስረዳው እንችላለን። የነጠላውን ነገር ግን ካንቺ በቀር የሚነግረው የለም። አንቺ ደግሞ እነዚህን ሁሉ ዓመታት ዝም ብለሻል። እሱ ቀልዶ፣ ሰው አስቆ ተቀመጠ፤ በመስኮት ያየሽው አንቺ ነሽ። እናትሽ እዚያ መቆማቸውን ጭራሽ ላያውቅ ይችላል። ሽማግሌ አትሰብስቢበት፤ ከዘመድም ፊት አታውጪው። አንድ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ያየሽውን ብቻ ንገሪው። በግ መታረዱን፣ ወንበሩን ከማን እንደተዋሱ፣ ማታ በስልክ ያሉሽን ሳይቀር። ስድቡን አትጨምሪበት፤ እሱ ራሱ ይጨምረዋል።

በደጉ ጊዜ ቢሆን ‹‹ይዘሽው ውጪ፣ ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ይጠይቅ›› እል ነበር። ነገር ግን በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ደብረ ታቦር ደጃፍ ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ክልሉ ሌላ ጦርነት ገብቶበት የእነዚያ መንገዶች ነገር የምታውቂው ነው። ስለዚህ ስልኩን ያንሣ። አንቺ ደውለሽ ‹‹እንካ አናግራት›› እንዳትይው! ራሱ ይደውል፣ ራሱ ይናገር። ‹‹ያን ጊዜ ሰዓት አልፎብን…›› ብሎም አይጀምር። ‹‹ደጅዎ ላይ ደርሼ ሳልገባ አልፌያለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ›› ይበል።

አልደውልም ካለ ሮም ብቻውን ይሂድ፣ ቀብዱም ይቃጠል። ከደወለ ግን ሂጂ እህቴ፣ ምን ይከለክልሻል? ሂጂና እዚያ አደባባይ ላይ አንቺ አስጎብኚ ሁኚው።

እናትሽ ስልኩን አንሥተው ምን እንዳሉት ግን ሳትጽፊልኝ እንዳትቀሪ።