ለመተማ አሮጌ ኮምፒዩተር የትኛው ዶስ?

በመተማ ቆላ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። እዚያ ከመለኪያ መሣሪያ ጋር የተያያዘ አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ሰው በዶስ ቢቀጥል አልነቅፈውም፤ ፋይል በመጻፍ ላይ ካልሆነ በቀር መብራት ድንገት ቢጠፋ ዶስ ብዙም አይጎዳም። ጥያቄው የትኛው ዶስ የሚለው ነው። ኤምኤስ-ዶስ 6.22 ከ2 ጊጋባይት የሚበልጥ የዲስክ ክፍል አይቀበልም። ፍሪዶስ ይቀበላል፤ በነጻም ይገኛል። ጂም ሆል እ.ኤ.አ. በ1994 ሥራውን ሲጀምር የፊዚክስ ተማሪ ነበር (ባልደረቦቼ ልብ ይበሉ!)። የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ ክፍት ስለሆነ ተማሪ ውስጡን ሊመረምር፣ ስሕተት ቢያገኝም ሊያርም ይችላል፤ ለፍሪዶስ የማደላው በተለይ በዚህ ምክንያት ነው። ቅር የሚያሰኘኝ ግን የሁለቱም የጽሑፍ ሰሌዳ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 256 ምልክት ብቻ በመሆኑ ፊደላችን ከነቁጥሩና ከነነጥቡ የማይበቃው መሆኑ ነው። ለአማርኛ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒዩተር ይፈለግ።