በጥማድ የሚሸጥ፣ በካሬ የሚገዛ

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ አንድ ደላላ ከነቀምቴ ወጣ ካለ ኮረብታ ላይ አቆመኝና «ዶክተር፣ እስቲ ይህን አየር ይመልከቱልኝ» አለኝ። መሬቱን ይመልከቱ አላለም፤ አየሩን ነው ያለው። ኋላ ሳስበው ሰውዬው ሳያውቀው ሕግ ጠቅሷል። በዚህ አገር መሬት አይሸጥምና የሚሸጠው አየር ብቻ ነው።

አየሩ ግን በእውነት ያምር ነበር። በስተምሥራቅ የኮምቶ ደን ጉም ለብሶ ይታያል፤ ከታች በቆሎው ዘለላ አውጥቷል፤ ከአጥር ማዶ ሦስት ላሞች ይግጣሉ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት በሆሮ ጉዱሩ ደጋ፣ ከሻምቡ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። አባቴ የሆሮ ላሞች ነበሩት። ሰው ከብቱን ከደጁ ሆኖ የሚያይበትን ቤት ለምጄ አድጌ፣ ዶክትሬቴን ጨርሼ፣ ዕድሜዬ አርባውን አልፎ፣ ዛሬም በኪራይ ቤት እኖራለሁ። ስለዚህ በዚያ ኮረብታ ላይ ሁለት ላሞችና አንድ በረንዳ በዓይነ ኅሊናዬ ብስል አይፈረድብኝ።

ውድ አንባቢ «ለምን በሕጋዊው መንገድ አልሄድህም?» ሊለኝ ይችላል። ሄጃለሁ። ከዓመታት በፊት ከባልደረቦቼ ጋር በቤት ማኅበር ተደራጅተን፣ ገንዘባችንን በዝግ ሒሳብ አስቀምጠን፣ ተራ ጠብቀናል። የጽሕፈት ቤቱን ስም አልጽፍም። ኃላፊው በተቀየረ ቁጥር ዶሴያችን እንደገና ይፈለጋል፤ አንዴ ስማችን ከዝርዝሩ ጠፋ፣ አንዴ ዝርዝሩ ራሱ ጠፋ። ከመካከላችን ሁለቱ ጡረታ ወጥተዋል። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በዝግ ሒሳብ የተኛው ገንዘባችን ቤት መሥራቱ ቀርቶ አጥር ለማጠር እንኳ የማይበቃ ሆነ። ወደዚያ ኮረብታ ያደረሰኝ መንገድ ይህ ነው።

እንግዲህ ደላላው ያቀረበልኝን እንመልከት። አምስት መቶ ካሬ፣ በስምንት መቶ ሺህ ብር። የአሥር ዓመት ቁጠባዬን ከባለቤቴ ጋር ደምረን የምንደርስበት ዋጋ ነው። ውሉስ? «እሱ ቀላል ነው» አለኝ። አንደኛው መንገድ የብድር ውል ነው፤ ለገበሬው ስምንት መቶ ሺህ ብር እንዳበደርሁ ይጻፍና መክፈል ስላቃተው ይዞታውን እንደለቀቀልኝ ሽማግሌዎች ይፈርማሉ። ሁለተኛው መንገድ የቤት ሽያጭ ነው። በአንድ ሌሊት ቆርቆሮ የለበሰች ጎጆ ትቆምና የምገዛው እሷን ይሆናል፤ መሬቱ ከሥሯ ተከትሏት ይመጣል ማለት ነው። ሕዝባችን ለዚህ ዓይነቱ ግንባታ «የጨረቃ ቤት» የሚል ስም አውጥቶለታል። ሦስተኛውን፣ የስጦታ ውሉን፣ ደላላው ራሱ አልመከረኝም። የገጠር መሬት በስጦታ የሚተላለፈው ለቤተሰብ ነው፤ እኔ ደግሞ የገበሬው ልጅ ልባል አልችልም።

በሕግ ዓይን ሦስቱም አንድ ናቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት ስለሆነ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከሕግ ውጭ የሆነ ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ ወደነበሩበት ይመለሳሉ። በተግባር ሲተረጎም፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የገበሬው ልጅ ቢከሰኝ፣ እኔ ቤቴን አፍርሼ የአሥር ዓመት በፊቱን ስምንት መቶ ሺህ ብር እቀበላለሁ፤ እሱም ከተገኘ። መንግሥት ራሱ የመጣ ጊዜማ የሚመለስ ገንዘብም የለም። በየካቲት 2011 በለገጣፎ ለገዳዲ፣ በ2015 ደግሞ በሸገር ከተማ የሆነውን አይተናል፤ ውል የያዙ፣ መብራትና ውሃ የገባላቸው፣ ግብር ሲከፍሉ የኖሩ ሰዎች ቤታቸው በዶዘር ተገፍቷል።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቀ ሰው ለምን ይገዛል? ቁማሩ አንዳንዴ ስለሚያሸንፍ ነው። በአዲስ አበባ በ1988 እና በ1997 ዓ.ም. የአየር ፎቶግራፍ ላይ የታዩ ሕገ ወጥ ግንባታዎች ወደ ሕጋዊነት የሚገቡበት በር ተከፍቶላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሁሉም የሚቀጥለውን ፎቶግራፍ ይጠብቃል። ገዢ አለው፣ ደላላ አለው፣ የሚያውቅ ሹም አለው። ከዚህ ቁማር ምንም ዕጣ ያልያዘው ገበሬው ብቻ ነው።

ልጽፍ የተነሣሁት ስለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ በየጋዜጣውና በየስብሰባው የሚነሣው ጥያቄ መሬት ይሸጥ ወይስ አይሸጥ የሚል ነው። መሬት እየተሸጠ ነው። የቀረው ጥያቄ ማን በምን ዋጋ ይሸጠዋል የሚለው ብቻ ነው።

ዋጋውን አስልቻለሁ፤ አንባቢም አብሮኝ ያስላ። ገበሬው ለደላላው የሚሸጠው በጥማድ ነው። አንድ ጥማድ የሄክታር ሩብ፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ካሬ ነው። እኔ በተወሰድሁበት ሰፈር የጥማዱ ዋጋ አምስት መቶ ሺህ ብር ነበር። ለአንድ ካሬ ሁለት መቶ ብር ማለት ነው። ደላላው ያንኑ ጥማድ ከአምስት ቦታ ከፍሎ ካሬውን በአንድ ሺህ ስድስት መቶ ብር ለእኔ ቢጤው ያቀርባል፤ ከጥማዱ አራት ሚሊዮን ብር ያገኛል። ለመንገድ የሚቀረው ጥቂት ነው፤ መንገድ ሲሠራም ስላላየሁ አልቀነስሁለትም።

ለመሆኑ ደላላው ይህን ሁለት መቶ ብር ከየት አመጣው? መጀመሪያ ከገበሬው ችግርና ካለማወቅ የመጣ መስሎኝ ነበር። አንድ ማታ የካሣ አዋጁን ገልጬ ቁጭ አልሁ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱ በቋሚነት ለሚወሰድበት ገበሬ የአማካይ ዓመታዊ ገቢውን አሥር እጥፍ ይከፍል ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን አሻሽሎ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛው በአሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። እንግዲህ አንድ ጥማድ ስምንት ኩንታል በቆሎ ይሰጣል፣ ኩንታሉም አራት ሺህ ብር ያወጣል ብንል፣ ዓመታዊ ገቢው ሠላሳ ሁለት ሺህ ብር ነው። በአሥራ አምስት ሲባዛ አራት መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ይሆናል። ደላላው የሚከፍለው አምስት መቶ ሺህ ነው።

ያን ማታ እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። ደላላው ዋጋውን ያገኘው ከአዋጁ ነው! ገበሬው ከተማው ወደሱ እየመጣ መሆኑን ያውቃል፤ ከተማው ሲደርስ የሚከፈለው የበቆሎ ዋጋ እንጂ የመሬት ዋጋ እንዳልሆነም ከጎረቤቱ አይቷል። ስለዚህ ከመንግሥት ካሣ በሃያ ሺህ ብር የሚበልጥ ሰው ሲመጣለት፣ ያውም ደጅ ሳይጠና በጥሬው ሲቆጥርለት፣ መሸጡ ሞኝነት አይደለም። ከተማው በበኩሉ ያንኑ መሬት ሸንሽኖ በሊዝ ጨረታ ያወጣዋል። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ለገበሬው የአሥራ አምስት ዓመት በቆሎ፣ ለተጫራቹ የዘጠና ዘጠኝ ዓመት መሬት። በመሐል ያለው ልዩነት የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ምክር ቤት አላየሁም።

በሌላ በኩል የእገዳውን ምክንያት አቅልዬ ማየት አልሻም። የወለጋ ልጅ ነኝ። በነቀምቴ የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ዛሬም ቆሞ አለ፤ አባትየው ሞረዳ በከሬ ለምኒልክ በመገበራቸው የሌቃ ነቀምቴ ባላባቶች የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው መቆየታቸው ይነገራል። የመሬቱ ታሪክ ግን ለተራው ገበሬ እንዲህ ገር አልነበረም። በአብዮቱ ዋዜማ በጠቅላይ ግዛቱ ካለው ገበሬ እኩሌታ በላይ ጭሰኛ ነበር። በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሲወጡ፣ ከዚያም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ሲታወጅ፣ አያቴ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያመረቱትን ሁሉ ወደ ጎተራቸው አስገብተዋል። ይህን ነገር ልጆቻቸው አይረሱትም። ሽያጭ ቢፈቀድ ገበሬው በአንድ ክፉ ዓመት መሬቱን ሸጦ ወደ ከተማ ይጎርፋል የሚለው ሥጋት፣ ያለፉት መንግሥታት ለሥልጣናቸው ብለው የተጠቀሙበት ቢሆንም፣ ከመሬት የተነሣ ሥጋት አይደለም።

ሆኖም ሥጋቱ የሚያወራው ስለ ሩቅ ገጠር ነው። ከተማ ጥግ ያለው ገበሬ ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱ መሬቱን ማጣቱ አይቀርም፣ የሚጠየቀው በማን እጅና በስንት እንደሚያጣ ነው። ሽያጩን መከልከል ለዚህ ሰው የሰጠው ጥበቃ ቢኖር፣ በጨለማ መሸጥ ብቻ ነው። በጨለማ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ዋጋ አያወዳድርም፣ ጠበቃ አያማክርም፣ ባንክ አይሄድም፤ ቢጭበረበርም አይከስም፣ ራሱም ተከሳሽ ነዋ።

በዚህ ብቸኞች አይደለንም። ቻይናም የገጠር መሬት የመንደሩ የጋራ ንብረት ሆኖ ሳለ፣ በየከተማው ዳር የመንደር መሬት ላይ የተሠሩ ሕጋዊ ካርታ የሌላቸው ቤቶች እንደ አሸን ፈልተው፣ በ2000 ዓ.ም. የከተማ ነዋሪ እነዚህን እንዳይገዛ መንግሥቱ ዳግመኛ ከልክሏል። ክልከላው ግን ገበያውን አላጠፋውም። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ሌላ መንገድ ሞክረዋል፤ ከተማ ሲሰፋ የአንድ አካባቢ ባለመሬቶች ይዞታቸውን አዋሕደው፣ ከፊሉን ለመንገድና ለአገልግሎት ለቀው፣ የቀረውን በፕላን የተሸነሸነና ዋጋው የጨመረ ቦታ አድርገው መልሰው ይረከባሉ። መሬቱ አነሰ፣ ባለቤቱ ግን ከተሜ ሆነ። የእኛም አዋጅ 1161 ይዞታው ለልማት የተፈለገበት ሰው በፕላኑ መሠረት ራሱ የማልማት ቅድሚያ አለው ይላል። ከወረቀቱ ወርዶ ገበሬው ደጅ ሲደርስ ግን እስካሁን አላየሁም። የ2016ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ ፈቅዷል። ለባንክ ሊያስይዝ የሚችለውን መብት፣ የከተማ ዳር ገበሬ በካርታ አስመዝግቦ በግልጽ ጨረታ በራሱ ስም እንዳያስተላልፍ የሚከለክልበት ምክንያት አይገባኝም።

ሰላም የራቀው አካባቢ ላይ ደግሞ የወረቀት ጉዳይ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። በመስከረም 2011 ከካማሺ ዞን የተፈናቀሉ ወገኖች ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ ጎርፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ በወለጋ ወረዳዎች ኦሮሞውም አማራውም ቀዬውን ጥሎ ሸሽቷል። ደብተር ያለው ሰው ሲመለስ ቢያንስ የሚያሳየው አለው። በሽማግሌ ፊርማ የገዛ ሰው ግን ፈራሚዎቹ ከሞቱ ወይም ከተሰደዱ፣ አጥሩ የት እንደነበር የሚናገርለት ዛፍ ብቻ ነው።

አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በሚያዝያ 2006 የአዲስ አበባና የዙሪያዋን ማስተር ፕላን በመቃወም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲወጡ ወጣት መምህር ነበርሁ። «የገበሬው መሬት አይወሰድም» ይሉ ነበር። ብዙዎች ታሰሩ፣ የሞቱም አሉ። ተቃውሞው በኅዳር 2008 ከጊንጪ ዳግመኛ ተነሥቶ ፕላኑ በጥር ተሰረዘ። እኔ ያኔ በመምህራን ክበብ ቡና ይዤ ለተማሪዎቹ የምከራከር ነበርሁ። ዛሬ በዚያው ክበብ የምንነጋገረው በየትኛው አቅጣጫ ካሬው ስንት እንደገባ ነው። የተማርነው ሰዎች የእገዳው ተቃዋሚዎች ነን እንላለን እንጂ የእገዳው ተጠቃሚዎች ነን። ሕጉ ገበሬውን ባያስፈራራልን በዚያ ዋጋ ማን ይሸጥልን ነበር?

ወደ ኮረብታው ልመለስ። ከመፈራረሜ በፊት ገበሬውን ብቻቸውን ላናግር ብዬ ሄድሁ፤ ደላላው አልወደደውም። ሽማግሌው ከቤት አስገቡኝ፤ ባለቤታቸው በቅቤ የታሸ ቡና ቀላ አቀረቡልኝ። አረንጓዴውን የይዞታ ደብተር ከላስቲክ አውጥተው አሳዩኝ፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ አለበት። ሽማግሌው ትንሽ ዝም አሉና «ባርሲሳ» አሉኝ፣ በእኛ አፍ መምህር ማለት ነው፤ «እናንተ ካሬ የምትሉት ነገር፣ ከአንድ ጥማድ ስንት ይወጣል?»

መዋሸት እችል ነበር። «እሱን ደላላው ያውቃል» ማለትም እችል ነበር፤ ይህ ውሸት አይደለም። ከደጅ አንድ ስንጥር አንሥቼ አመድ ላይ ጻፍሁላቸው። ሁለት ሺህ አምስት መቶ። ለእኔ ካሬው በስንት እንደተጠራም ነገርኋቸው። ሽማግሌው ቁጥሩን ደግመው ደጋግመው አዩት። ባለቤታቸው ናቸው ቀድመው የተናገሩት፤ «ባለፈው ዓመት የሸጥነው ሦስት ጥማድ ነው» አሉ።

ደላላው ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሣም። ከወር በኋላ በዚያ መንገድ ሳልፍ ኮረብታው ላይ የመሠረት ድንጋይ ተራግፎ አየሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንደገዛው በኋላ ሰማሁ፤ ጥማዱ በስድስት መቶ ሃምሳ ሺህ ብር እንደተሸጠም ነገሩኝ። እኔ በኪራይ ቤቴ ነኝ፤ ከመጪው ወር ጀምሮ ኪራይ ይጨምራል ተብያለሁ።